«ደህና ነው» ያሉኝ ቀን

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ እንጅባራ ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ድንች ስልጥ ስልኬ ጮኸ። የአጎቴ የአያ ታድሎ ልጅ ሙሉቀን ነው፣ ከግምጃ ቤት ከተማ ማዶ ካለው ቀበሌያችን። «እትዬ የሺ፣ ነገ ብቅ በዪ እስቲ። አይዞሽ፣ ምንም የለም» አለኝና ኔትወርኩ ተቆረጠ። መልሼ ብደውል ብደውል ከዚያች «ሊያገኙ አይችሉም» ከምትለው ሴት በቀር የሚያነሳልኝ አጣሁ። ቢላዋውን አስቀመጥኩ። የተላጠው ድንች እዚያው ሳህኑ ላይ ጠቁሮ አደረ።

በእኛ አገር «አይዞሽ፣ ምንም የለም» ከሚለው የበለጠ የሚያስደነግጥ ነገር የለም። ምንም ከሌለ ሰው ለምን ይደውላል? አያ ታድሎ ሰማንያውን ካለፈ ቆይቷል፤ ክረምቱን ሙሉ ሲያስለው እንደነበር ሰምቻለሁ። በማግስቱ ማለዳ ቦርሳዬን ሳዘጋጅ ጥቁር ቀሚሴን አጥፌ ከታች፣ ከሁሉም ልብስ ሥር ከተትኩት። ዓይኔ እንዳያየው ነው። ከዚያ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ መስኮት ሥር ተቀምጬ፣ ኑጉ ቢጫ ያለበሰውን ማሳ እያየሁ ሄድኩ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እኔ ግን አንድ ጊዜ፣ በዚሁ መንገድ፣ ከዚሁ ከአያ ታድሎ ጋር፣ የፈራሁት ሳይደርስ ቀርቶ ያውቃል። መንገዱን ሙሉ ያን ቀን ሳስብ ነበር።

ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ዳንግላ ከሁለት ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንማራለን። እናቴ የሞተችው ገና የወተት ጥርሴ ሳይነቀል ስለሆነ፣ ፈንታ የሚባለው አባቴ አባትም እናትም ሆኖ ነው ያሳደገኝ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ለገበያተኛ እያስያዘ ስንቅ ይልክልኛል። ዳቦ ቆሎውን የሚጋግረው ራሱ ስለነበር ግማሹ አርሮ፣ ግማሹ ሊጥ ሆኖ ይደርሳል። ጓደኞቼ ይስቁብኛል። እኔም አብሬያቸው እስቅና፣ ማታ ላይ ያረረውን እየመረጥኩ እበላዋለሁ።

አያ ታድሎ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፤ በልቤ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ «አንተ» ነውና እዚህም የልቤን ልጻፍ። ሁለቱ ወንድማማቾች አጥር ለአጥር ይኖራሉ፣ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ቃል አልተለዋወጡም። ያጣላቸው ቀርከሃ ነው። አያቴ በአባቴ ድርሻ በኩል የተከለው ቀርከሃ ሥሩን በአጥሩ ሥር አሾልኮ በአያ ታድሎ ጓሮ ብቅ ብቅ አለ። ቀርከሃ ድንበር አያውቅም፤ ዘንድሮ እዚህ ያዩት ከርሞ ማዶ ነው። አያ ታድሎ ቆርጦ ገበያ አወጣው። አባቴ «ሥሩ የኔ ነው» አለ። አያ ታድሎ «የበቀለበት መሬት የኔ ነው» አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፣ ጠብ ደግሞ ሁለቱም ወገን እውነት ሲይዝ ነው የሚከፋው። ከዚያ በኋላ አባቴ ወንድሙን «ያ ሰውዬ» እያለ ይጠራው ጀመር፤ አያ ታድሎም አባቴን «ጎረቤቴ» ማለት ለመደ። ቤተ ክርስቲያን እንኳ አንዱ በዚህ በር ከገባ ሌላው በዚያኛው ነው። ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ሊያስታርቋቸው ሞክረው፣ ሁለቱንም ጊዜ ወሬው ቀድሞ እየወጣ፣ በመሐል ነገር የሚያቀብል ሰው እየገባ ፈረሰባቸው።

አንድ የጥቅምት ቀን፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ መጥቶ «የሺ፣ ዘመድ ይፈልግሻል» አለኝ። የአባቴን ስንቅ ያመጣ ገበያተኛ መስሎኝ እየተጣደፍኩ ወጣሁ። በሩ ላይ የቆመው ግን አያ ታድሎ ነው። ጋቢውን ደርቦ፣ ዱላውን ተደግፎ መሬት መሬት ያያል። ሰባት ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ አንገቱን ነቅንቆ የሚያልፈኝ ሰው፣ አባቴ በሕይወት እያለ እኔን ፍለጋ ዳንግላ ድረስ ምን ያመጣዋል?

«ደህና ነሽ፣ ልጄ?» አለኝ። ልጄ ብሎኝ አያውቅም።

«አባዬ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ምን ይሆናል ብለሽ ነው? በይ ልብስሽን ያዢና እንሂድ፣ ነገ ቤት ትፈለጊያለሽ።»

«ለምን?»

«ነገ ጠዋት ትሰሚያለሽ። አሁን አትጠይቂኝ፣ ምዬ ነው የመጣሁ።»

ነገ ጠዋት! ያገሬ ሰው መርዶ የሚነገረው መቼ እንደሆነ ሳይነግሩት ያውቃል። ልጅ ከሩቅ ይጠራል፣ ምክንያት ይፈጠርለታል፣ በልቶ ጠጥቶ እንዲተኛ ይደረጋል፤ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ይመጣሉ። እስከዚያ ድረስ የሚጠየቅ ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ ደህና ነው። ስለዚህ ቦርሳዬን ስይዝ አለቀስኩ አልልም፤ ለቅሶው አልመጣልኝም። የቦርሳውን ዚፕ መዝጋት ብቻ አቃተኝ። አያ ታድሎ ዘጋልኝና ቦርሳውን በትከሻው አንጠለጠለው። እኔ ልያዘው ብለው «ተይ» አለ።

አውቶቡሱ አዲስ ቅዳም ላይ ሲቆም የግብጦ ቆሎ የሚሸጡ ሴቶች መስኮቱን ከበቡት። አያ ታድሎ እፍኝ ሙሉ ገዝቶ ጭኔ ላይ ዘረገፈልኝ። አንዱን ቆረጠምኩ። ግብጦ ወንዝ ውስጥ ቀናት ካልሰነበተ ምሬቱ አይለቅም፤ ያ በደንብ ታጥቦ ይሁን አይሁን እስከዛሬ አላውቅም፣ አፌ ላይ ግን ሬት ሆነብኝ። ሳልውጠው እንጅባራ ደረስኩ። እንጅባራ በጉም ተሸፍናለች። እኩለ ቀን ሆኖ መኪኖቹ መብራት አብርተው ይሄዳሉ። እዚያም የተቀቀለ ድንች ከነሚጥሚጣው አስመጣልኝና ፊቴ ተቀመጠ።

«ብዪ» አለኝ፣ «ነገ ጉልበት ያስፈልግሻል።»

መንገድ ዳር የቀርከሃ ወንበርና ምንጣፍ የሚሸጡ ሰዎች ተደርድረዋል። አያ ታድሎ ወንበሮቹን አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ «ለዚህ ለቀርከሃ!» አለና ራሱን ነቀነቀ። «ወንድሜን ሰባት ዓመት...» ብሎ ጀምሮ ተወው። ወንድሜ! ሰባት ዓመት ሙሉ ከአፉ ያልሰማሁትን ቃል። ሰው ወንድሙን እንዲህ የሚጠራው ሲሞትበት ነው ብዬ ቁርጤን አወቅሁ። ድንቹን ወደ ጎን ገፋሁት።

ቀኑ የግምጃ ቤት ገበያ ነበርና ነጋዴዎች የጫነ አንድ አይሱዙ ላይ ወጣን። ከጆንያው ላይ የሰፈራችን ሰው እትዬ ስንዱ ተቀምጣለች። እትዬ ስንዱ በአካባቢው የታወቀች አልቃሽ ናት፤ እሷ ያልገጠመችለት ሟች እንደተቀበረ አይቆጠርም። ልጇ ዘንድ እንጅባራ ሰንብታ መመለሷ ነው። እኔን አየችና ወደ አያ ታድሎ ዞር ብላ በአውኚ፣ በአካባቢያችን ቋንቋ፣ ጠየቀችው፤ እኔም አውኚ ከእሷ እኩል እንደምሰማ ረስታዋለች።

«የፈንታ ልጅ አይደለችም እንዴ? ፊቷ ምን ሆነ?»

አያ ታድሎ ጣቱን አፉ ላይ አደረገ። «ዝም በዪ፣ ነገ ይነገራታል።»

እትዬ ስንዱ ቀስ ብላ እንደ ለቀስተኛ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። በቃ፣ ያን ጊዜ ከዳንግላ ጀምሮ አልመጣልኝ ያለው ለቅሶ ሁሉ ገንፍሎ ወጣ። «አባዬን! አባዬን!» ብዬ ጮኽኩ። እትዬ ስንዱ እቅፍ አደረገችኝና ተቀበለችኝ፤ ነጋዴዎቹም ከጆንያው ላይ ብድግ ብድግ አሉ።

ምስኪን አያ ታድሎ! «ኧረ ደህና ነው! ኧረ ምንም አልሆነም!» እያለ በመኪናው ጭነት ላይ ይንገዳገዳል። ግን «ደህና ነው» የሚለውን ቃል ስንት መርዶ ነጋሪ ሲጠቀምበት ኖሯል? ባለ ቁጥር ለቅሶው ባሰ። በመጨረሻ ሲጨንቀው፣ ወሬው እንደ በፊቱ ቀድሞ እንዳይወጣ ለሽማግሌዎቹ የማለውን መሐላ አፈረሰ።

«ልንታረቅ ነው እኮ! ነገ ከፈንታ ጋር ልንታረቅ ነው! ልጆች ባሉበት ይሁን ተብሎ ነው ያመጣኋት!»

እትዬ ስንዱ እንባዋን ጠርጋ በትዝብት አየችው።

«አይ ታድሎ» አለችው። «ለልጅ መዋሸትም እኮ ልክ አለው። አንተና ፈንታ ከምትታረቁ ቀርከሃው ቢያብብ ይቀላል።»

ቀርከሃ ሲያብብ ያየ ሰው በቀበሌያችን አልነበረም። ሁሉም ራሱን ነቀነቀና ለቅሶው ቀጠለ።

ግምጃ ቤት ከመኪናው ወርደን ሳንጨርስ ወሬው ገበያው ውስጥ ነበር። ፈንታ ሞተ። ሽንኩርቷን የምትመዝነው ሴት ሚዛኗን አስቀመጠች፤ ፈረሱን የሚጭነው ሰው ጭነቱን አራገፈ። አባቴን ሰው ይወደው ነበር፣ ያን ቀን ነው ምን ያህል እንደሚወደው ያወቅሁት። ከገበያ ወደ ቤታችን የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። መጀመሪያ ዐሥር ሆነን ወጣን፣ ወንዙን ስንሻገር አርባ ሳንሆን አንቀርም። እትዬ ስንዱ ከፊት ሆና ትገጥማለች፤ አባቴ ዳቦ ቆሎ ጋግሮ ልጁን እንዳስተማረ፣ እጁ ተቃጥሎ እንዳልተመረረ። ያን ስሰማ መራመድ አቃተኝ፣ ቀጥሎ ደግሞ መሮጥ ጀመርኩ። ሕዝቡም አብሮኝ ሮጠ። አያ ታድሎ ቦርሳዬን ተሸክሞ፣ እያለከለከ፣ ከኋላ ቀረ።

አሁን ልብ በሉልኝ። አባቴ ያን ሰዓት ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ቀርከሃ ይሰነጥቃል። ለነገው ዕርቅ ለሚመጡት እንግዶች መቀመጫ እየሠራ ነው፤ ከዚያው ካጣላቸው ቀርከሃ። ዋይታው ከመንገድ ሲመጣ ይሰማል። ቀና ብሎ ያያል። ሰው እንደ ጉድ ይመጣል፣ መሐሉ ላይ እኔ ፊቴን እየነጨሁ እሮጣለሁ። ሊያመጣኝ የሄደው ወንድሙ ግን ከሕዝቡ መሐል የለም።

የመንገዱ መታጠፊያ ላይ ስደርስ አባቴን አየሁት። ባዶ እግሩን፣ ቢላዋውን እንደያዘ፣ ፀጉሩ ላይ የቀርከሃ ስንጣሪ ተጣብቆ ወደ እኛ ይሮጣል። «ወንድሜን! ወንድሜን! ታድሎን የት ጣላችሁት?» እያለ ያለቅሳል።

ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ከኋላዬ የነበሩትም እየተጋጩ ቆሙ። እትዬ ስንዱ ግጥሟን አቋረጠች። አባቴ ነው፣ ይራመዳል፣ ይጮኻል፣ ያላበዋል። ሮጬ ደረቱ ላይ ወደቅሁና ላቡን፣ የቀርከሃውን እርጥብ ሽታ አሸተትኩ። ያን የሚያህል እፎይታ ከዚያ በኋላ ልጆቼን ስወልድም አላገኘሁትም።

አንድ ሰው ከኋላ «ታዲያ የሞተው ማን ነው?» አለ።

ያን ጊዜ አያ ታድሎ ከመታጠፊያው ብቅ አለ። ጋቢው መሬት ይጎተታል፣ ቦርሳዬ ትከሻው ላይ ነው። «አለሁ» አለ እያለከለከ። «ፈንታ፣ ምን ሆነሃል? አለሁ።»

አባቴ እጁ ላይ የነበረውን ቢላዋ ጣለና መንገዱ ላይ ቁጭ አለ። አያ ታድሎም ቦርሳውን አስቀምጦ ጎኑ ተቀመጠ። ሰባት ዓመት አንድ ላይ ያልተቀመጡ ሰዎች አቧራ ላይ ትከሻ ለትከሻ ሆኑ።

«የሞትክ መስሎኝ» አለ አባቴ።

«እኔም መንገዱን ሙሉ አንተ የሞትክ እየመሰለኝ ነው የመጣሁ» አለ አያ ታድሎ። «ስወጣ ደህና ነበርክ፤ ልጅህ ግን እንዲያ ስታለቅስ፣ ከወጣሁ ወዲህ አንድ ነገር ሆነህ ይሆን ብዬ ራሴን ተጠራጠርኩ።»

አባቴ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረና ራሱን ወንድሙ ትከሻ ላይ ጣለ። እዚያ የቆመው ሕዝብ የመጣው ለማልቀስ ነበርና ያን አይቶ ደግሞ ተነሳበት፣ ግን ይኼኛው ሌላ ልቅሶ ነው። ማንም ባዶ ሆዱን አልተመለሰም። ለነገ የተጠመቀው የገብስ ጠላ፣ ለነገ የተጋገረው ሁሉ በዚያው ከሰዓት ተበላ ተጠጣ። እትዬ ስንዱ ጥግ ይዛ፣ ጠላዋን ይዛ፣ «የገጠምኩልህን ላስቀምጥልህ፣ አንድ ቀን ትፈልገዋለህ» ብላ አባቴን ስትቀልድበት አስታውሳለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ። ድንጋይ መሸከሙ፣ ጉልበት መሳሙ፣ የሚባለው ሁሉ ተዘጋጅቷል። ዋናው ሽማግሌ ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ የቀርከሃ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ከአንድ ሳህን ቆሎ ሲበሉ አየና ቆመ። «ትናንት የታረቁትን ዛሬ ምን ብለን እናስታርቃለን?» አለ። «ይልቅ ጠላ ካለ አምጡ።» ጠላ ግን አልነበረም። ቂሙ ወደ ልጆች እንዳይወርድ ብቻ እኔንና ገና ድክ ድክ የሚለውን ሙሉቀንን አስቀርበው አስማሉን። የተጠራሁት ለዚህ ነበር። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይላሉ፤ ቀርከሃውም ከዚያ ወዲህ በሁለቱም ጓሮ እንደፈለገው ሄደ።

አባቴ የሞተው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ያኔም የመጣው አያ ታድሎ ነው፣ እንጅባራ ድረስ። ሽማግሌ አላስከተለም፣ ጎሕም አልጠበቀም። በጠራራ ፀሐይ ደጄ ላይ ቆሞ «የሺ፣ ወንድሜ ዛሬ ማለዳ አረፈ» አለኝ። ዘመዶች «ምን ዓይነት ጭካኔ ነው፣ ወግ አይደለም» ብለው ተቆጡት። እሱ ግን «አንድ ጊዜ ደህና ነው ብያት መንገዱን ሙሉ ገደልኳት፤ ሁለተኛ አልደግመውም» አላቸው። እኔ በውስጤ አመሰገንኩት። እውነቱን በፊቴ የሚነግረኝ አንድ ሰው እንዳለኝ ማወቅ ቀላል ነገር አይደለም። ባለፈው ሳምንት ሚኒባስ ውስጥ ያብሰለሰለኝም ይኸው ነው። ስለ ሌላው ሞት እሱ ይነግረኛል። ስለ እሱስ ማን ይነግረኛል?

ግምጃ ቤት ወርጄ ባጃጅ ያዝኩ። ድሮ በእግር የሮጥኩበት መንገድ አሁን በባጃጅ አንድ ሲጋራ ነዶ ሳይጨርስ ያልቃል። ባለ ባጃጁ የሰፈሩ ልጅ ነው። ልጠይቀው ብዬ ተውኩት፤ ቢያውቅም «ደህና ናቸው» ነው የሚለኝ። ጆሮዬን አቁሜ የልቅሶ ድምፅ አዳመጥኩ። ሞተሩ ብቻ ነው የሚሰማኝ።

መታጠፊያው ላይ፣ ያን ቀን እያለከለከ ብቅ ያለበት ቦታ ላይ፣ አያ ታድሎ ጋቢውን ደርቦ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል።

ባጃጁን አስቁሜ ወረድኩ። ጉልበቱን ልስም ጎንበስ ስል እንባዬ ቀደመኝ።

«ምነው? ምንም የለም በላት ብዬው አልነበር?» አለኝ።

«ብሎኛል።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«ታዲያ ምንም ከሌለ ለምን አስጠሩኝ?»

«ናፍቀሽኝ ነዋ። ድንቹም ደርሷል፤ ይዘሽ ትሄጃለሽ።» ትንሽ አሰበና በቅሬታ አየኝ። «ምነው፣ ሰው ካልሞተ ሰው አይጠራም እንዴ?»

እሱ እጁን ዘረጋ። «ቦርሳውን አምጪ።»

እኔ ልያዘው ብለው «ተይ» አለ። በዚያ ዕድሜው ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ፣ ቀርከሃው በሁለቱም በኩል ባጠላበት መንገድ ፊት ፊቴ መራ። ጥቂት እንደሄደ ቆም ብሎ ማንገቻውን አስተካከለ።

«ይከብዳል» አለኝ። «ምን ይዘሽ ነው?»

ጥቁሩ ቀሚሴ ከሁሉም ልብስ ሥር ነበር።

«ኧረ ምንም የለም» አልኩት።